ተሳቢ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ በካሬ ሜትር አይተመንም

ከሐረር አንድ ወጣት የማስታወቂያ ሥራ ባለሙያ ጻፈልኝ። ድሬዳዋ ያለ የትራንስፖርት ድርጅት በስምንት የጭነት መኪኖችና ተሳቢዎቻቸው፣ በአንድ የነዳጅ ቦቴ፣ በአንድ ሎደርና ኮንቴይነር ውስጥ በተቀመጠ ጀነሬተር ላይ ስሙንና ስልኩን በስቲከር እንዲጽፍለት አዝዞታል። ገበያ ላይ በሚነገረው የካሬ ሜትር ዋጋ ተዋዋለ። የድሮውን ጽሑፍ በምላጭና በቤንዚን አንስቶ ሦስቱን መኪኖች ሲጨርስ የተቀበለው ቀብድ አለቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ የፊደሎቹ ጠርዝ መነሳት ጀመረ፤ በዙሪያቸውም እንደ ጥቁር ክር ያለ የቆሻሻ መስመር ታየ። ረዳቱ የተነሳውን በሱፐር ግሉ መልሶ አጣበቀው። ባለቤቱ አሁን “በነጻ ድገመው” ይለዋል። ጥያቄው፦ “ጋሼ፣ በካሬ ሜትር ስንት ብጠይቅ ነው የማልከስረው?”

ወንድሜ፣ የካሬ ሜትሩን ዋጋ እጥፍ ብታደርገውም ትከስራለህ። ያ ጥቁር ክር ብዙ ነገር ነግሮኛል። የፊደሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ሙጫው ብቻውን ውጭ ቀርቷል፤ አቧራው የተያዘው በዚያ ሙጫ ላይ ነው። ስለዚህ ግምቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የገዛኸው ስቲከር ለአጭር ጊዜ ማስታወቂያ የሚሆነው ርካሹ ዓይነት ነው። ሁለተኛ፣ ቀብድህን የበላው መለጠፉ ሳይሆን የድሮውን ጽሑፍ ማንሳቱ ነው፤ ለእሱ ደግሞ አንድ ብር አላስከፈልክም።

ወደ ሂሳቡ ሳልገባ፦ ቤንዚኑን ከዛሬ ጀምሮ ተው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። የድሮ ስቲከር ለማለስለስ ሂት ገን (የጋለ አየር የሚነፋውን መሣሪያ) የምትጠቀም ከሆነ፣ በቤንዚን የራሰው ጨርቅ ራቅ ብሎ ቢቀመጥም ጋራዡን ሊያነድ ይችላል። ለሥራውም አይረባም፤ የሚተወው ቅባት ሙጫው ብረቱን እንዳይዝ ያደርገዋል።

አሁን ስለ ስቲከሩ ትንሽ ታገሠኝ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ዋጋ ማውጣት አይችልም። ይህ ስቲከር የሚሠራው ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ በራሱ ደረቅ ስለሆነ ማለስለሻ ኬሚካል ይጨመርበታል። ካሌንደርድ የሚባለው ዓይነት በጋሉ ከባድ ብረቶች መካከል እየተጨመቀና እየተሳበ ይቀጥናል። ካስት የሚባለው ግን ፈሳሽ ሆኖ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ይፈስስና በምድጃ ውስጥ አልፎ ይረጋል። ልዩነቱን እናቶቻችን ያውቁታል፦ በመዳመጫ የተዳመጠ ሊጥ ትንሽ ሲቆይ ወደ መሃሉ ይሰበሰባል፤ ምጣድ ላይ የፈሰሰ የእንጀራ ሊጥ ግን እንደተዘረጋ ይቀራል። ካሌንደርዱ የተሳበበትን ጉልበት በውስጡ ይዞ ነው የሚቆየው። በፀሐይ የጋለ ብረት ላይ ሲለጠፍ ሙቀቱ ያንን ጉልበት ይፈታዋል፤ ጠርዙ ይሸሻል፣ ማዕዘኑ ይነሳል። በዚያ ላይ የማለስለሻው ዓይነት አለ። በሞኖሜሪክ ስቲከር ውስጥ ያለው ማለስለሻ ትንንሽ ሞለኪውሎች ስላሉት በጊዜ ብዛት ወደ ሙጫውና ወደ አየሩ ይወጣል፤ ስቲከሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በፖሊሜሪኩ ውስጥ ያለው ረጃጅም ሰንሰለት ስለሆነ ቶሎ አይወጣም። በጥቅሉ ሲነገር ሞኖሜሪክ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፣ ፖሊሜሪክ ከአምስት እስከ ሰባት፣ ካስት ከሰባት ዓመት በላይ ይቆያል ይባላል። ይህ ግን ለዘብ ባለ አየር ቀጥ ብሎ ለቆመ ገጽታ የተሰጠ ነው፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ወደ ላይ ለተጋለጠ የሞተር ክዳን ብዙ ቀንስለት። ውፍረትም አያታልልህ፤ ካስቱ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) አካባቢ፣ ካሌንደርዱ ከ70 እስከ 80 ማይክሮን ነው። ሻጩ “ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው” ካለህ ርካሹን እየሰጠህ ሊሆን ይችላል። በጀርባው ወረቀት ላይ የአምራቹ ስምና ዓይነቱ ያልታተመበት ጥቅል ለመኪና አትግዛ። እንዲህ ያለው ጥቅል ስንት ወጣት ባለሙያ ከደንበኛው ጋር እንዳጣላ ሳስብ እናደዳለሁ።

ለጠፍጣፋ በር ጥሩ ፖሊሜሪክ ይበቃል። ሽንሽን ላለው የተሳቢ ጎንና ሪቪት ለበዛበት ሳጥን ካስት ያስፈልጋል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ቁሳቁሱን ፊደሉ በያዘው ስፋት አትቁጠር፤ ከጥቅሉ በተቆረጠው ርዝመት ቁጠር። 80 ሳንቲሜትር ቁመትና 9 ሜትር ርዝመት ያለው ስም 7.2 ካሬ ሜትር ይመስላል፤ 1.22 ሜትር ስፋት ካለው ጥቅል ግን 9 ሜትር ትቆርጣለህ፣ ይህም ወደ 11 ካሬ ሜትር ነው። የተረፈው 42 ሳንቲሜትር ላይ የስልክ ቁጥሩን በ35 ሳንቲሜትር ካስገባኸው አተረፍክ፤ ካልገባ ግን ደንበኛው ነው የሚከፍለው። ለብልሽት ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምር። የተቆረጡትን ፊደሎች አንስቶ ብረቱ ላይ የሚያሳርፈውን ትራንስፈር ቴፕም አትርሳ፤ እሱም በስፋቱ ልክ ያልቃል።

ሥራውን ደግሞ በሰዓት ተምን። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ምላጭና ለፕሎተሩ (ለስቲከር መቁረጫ ማሽኑ) መተኪያ የምታስቀምጠው ተደምሮ በወር 60,000 ብር ነው እንበል። በቀን በእውነት የምትሸጠው አምስት ሰዓት ከሆነ፣ በ24 የሥራ ቀን 120 ሰዓት ይሆናል። አንዱ ሰዓት 500 ብር ያስወጣሃል ማለት ነው፤ ትርፍህ ከዚያ በላይ ይጨመራል። የራስህን ቁጥር አስገባበት።

ከዚያ ሰዓቱን ገምት። እዚህ ላይ ካሬ ሜትር ፈጽሞ ያሳስትሃል፤ ትንሹ ጽሑፍ ከትልቁ ይበልጥ ያደክማልና። የ80 ሳንቲሜትር ፊደል ተቆርጦ ሲያልቅ በዙሪያው ያለውን ትርፍ ስቲከር አንድ ጊዜ ስበህ ታነሳለህ። በር ላይ የሚጻፈው የ4 ሳንቲሜትር የጭነት ልክና ክብደት ግን ቀዳዳ ቀዳዳው በመርፌ ይለቀማል፤ የጨ እና የኘ ትንንሽ ቅጥያዎች አብረው ይነሳሉ። በእኛ ከተሞች ደግሞ አንድ ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መጻፉ የተለመደ ነው፤ ሐረር ከሆነ ሐረሪኛም ይጨመራል። ትንሹን ጽሑፍ በመስመር ወይም በፊደል ብዛት አስከፍል።

ለመለጠፉ፣ ጠፍጣፋ በር ላይ አንድ ሰዓት የሚወስደው ሽንሽን ላይ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብለህ ጀምር። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናቸው፤ አንተ በለመድከው አየር አትገምት። ብረቱ ላይ መዳፍህን ማሳረፍ ካልቻልክ አትለጥፍ፤ ሙጫው በአንድ ጊዜ ይይዝና ማስተካከል አትችልም። ጥላ ከሌለ የሥራ ሰዓትህ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ጠዋት ከሐረር ተነስተህ የደንገጎን ቁልቁለት ወርደህ ስትደርስ ፀሐዩ በርትቷል፤ ስለዚህ ድሬዳዋ ማደር አለብህ፣ አልጋውም ዋጋው ውስጥ ይግባ። ከጅቡቲ ያልተመለሰ መኪና ስትጠብቅ የሚባክነው ቀንም እንደዚሁ፤ ይህን ውሉ ላይ ጻፍ።

የድሮ ጽሑፍ ማንሳትን በአንድ ቁርጥ ዋጋ አትያዝ። በሰዓት አስከፍል፤ ከፍተኛውን ጣሪያ ብቻ ንገረው። በላዩ ቀለም የተቀባበት ስቲከር፣ በምላጭ ተፍቆ የዛገ በር፣ አሁን ደግሞ ያንተ ረዳት ሱፐር ግሉ፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ሱፐር ግሉ ደርቆ ይሰባበራል፤ ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ነው። ቀለሙን በጥቁር ጨርቅ እሸው፦ ነጭ ዱቄት ከወጣ አርጅቷል፣ ምንም ስቲከር አይይዘውም። አዲስ የተቀባ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ አለዚያ ከቀለሙ የሚወጣው ትነት ስቲከሩን በአረፋ ይሞላዋል። አጸዳዱ በሳሙናና ውኃ፣ ከዚያ በአልኮል ነው። አልኮሉም ይነድዳልና ሂት ገኑ ከሶኬት ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ተጠቀምበት። ቤንዚን ግን በምንም ሁኔታ!

የሎደሩ የኋላ ክብደት ሸካራ ብረት ከሆነ ስቲከር አይይዝም። የፊደሉን ቅርጽ ከስቲከር ላይ ቆርጠህ አውጣና በቀረው ክፍተት በኩል ቀለም ርጭበት፤ ዋጋውም ለብቻው ይሁን። የጀነሬተሩን ጭስ መውጫና አየር ማስገቢያ ራቅ በል፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያዎቹንም አትሸፍን።

ቦቴውን በተመለከተ ባለቤቱ “ባዶ ነው” ቢልህ አትመን። ባዶ ቦቴ ውስጥ የሚቀረው ትነት ከአየር ጋር ስለሚደባለቅ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። ታጥቦና ትነቱ ወጥቶ በሚመለከተው ሰው ካልተረጋገጠ ሂት ገን አጠገቡ አታብራ። የድሮው ጽሑፍ በሳሙና ውኃና በፕላስቲክ መፋቂያ ብቻ ይነሳ፤ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፣ አራት እጥፍ አስከፍል።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ ከውጭ የሚመጣ ስቲከር ዋጋው አይረጋም። የዋጋ ማቅረቢያህ ለሰባት ቀን ብቻ የሚጸና መሆኑን ጻፍ፤ ቀብዱ ሙሉውን ቁሳቁስ ይሸፍን፤ ተመዝጋቢ ከሆንክ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ለይተህ አሳይ።

የሦስቱን መኪኖች ስቲከር በራስህ ወጪ ለውጥ፤ ምርጫው ያንተ ነበርና። የድሮውን ጽሑፍ የማንሳቱን ሰዓት ግን ለቀሪዎቹ አምስት መኪኖች በግልጽ ጽፈህ ለባለቤቱ አቅርብለት። ከተቀበለ፣ መጀመሪያ አንዱን በር ብቻ ለጥፍና መኪናው አንድ ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ ይመለስ። ከተለጠፈ በኋላ ለሦስት ቀን ላቫጆ እንዳያስገቡት ለሾፌሩ ንገረው። ሲመለስ ጠርዙን በጥፍርህ ፈትሽ፤ ካልተነሳ የቀረውን ቁረጥ።