መልስ፦ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞ በፊት

ፓስፖርትዎ ሊያበቃ 4 ወር እንደቀረው ገልጸው፣ በዚሁ መጓዝ ይቻል እንደሆነና የቢጫ ወባ ክትባቱን በጉዞው ሳምንት መውሰድ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሁለቱንም አልመክርም።

ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን አንሥቶ ቢያንስ ለ6 ወር የጸና እንዲሆን ስለሚጠይቁ፣ ለቪዛ ከማመልከትዎ በፊት ያሳድሱት። አየር መንገዶች ይህን የሚያጣሩት መነሻው ላይ ስለሆነ፣ ችግሩ የሚገጥምዎ ገና ሻንጣ ሲያስመዝኑ ነው።

የክትባቱ ጉዳይ ጠንቀቅ ማለትን ይጠይቃል። የምስክር ወረቀቱ መጽናት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ፣ በመጨረሻው ሳምንት የተወሰደ ክትባት በመግቢያው ላይ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል፣ ቀድሞ ተከትበው ከነበረ ቢጫውን ካርድ፣ ማለትም ይህንኑ የምስክር ወረቀት፣ ፈልገው ያውጡ፤ የ10 ዓመት ገደብ ተጽፎበት ቢያገኙትም አያሳስብዎት። አዲስ የሚከተቡ ከሆነ ደግሞ በካርዱ ላይ የሰፈረው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን፣ ቀኑ፣ ፊርማውና ማኅተሙም መሟላታቸውን ከክትባት ክፍሉ ሳይወጡ ይመልከቱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የትራንዚቱን ነገር ነው፤ መነሻዎ ከበሽታው ነጻ ቢሆንም፣ ቢጫ ወባ ባለበት አገር ኤርፖርት ከ12 ሰዓት በላይ ከቆዩ ካርዱን ሊጠየቁ ይችላሉ። ክትባቱ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠራ በመሆኑ፣ እርግዝና፣ የእንቁላል አለርጂ ወይም የበሽታ መከላከል አቅም መድከም ካለ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

የዘወትር መድኃኒትዎን ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ።