ውሻችሁ ስንት ዓመቱ ነው?

የአደን ውሻ ይዛችሁ ወደ እኔ የምትመጡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ «አልታዘዝ አለኝ፤ ምን ላድርገው?» ትሉኛላችሁ። እኔም መልሼ «ስንት ዓመቱ ነው?» እላለሁ። ሽማግሌው ጥያቄውን በደንብ አልሰማም ብላችሁ የታዘባችሁኝ አትጠፉም። ሰምቻለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንስሳት ሳክም፣ በትርፍ ጊዜዬም ውሾች ሳሠለጥን ቆይቻለሁ፤ የውሻ ጥፋት ከምንለው የሚበዛው ባለቤቱ ከውሻው ዕድሜ ቀድሞ ሲሮጥ ወይም ወደ ኋላ ሲቀር የሚመጣ ነው።

ቡችላ ዓይኑም ጆሮውም እንደ ተደፈነ ይወለዳል። ዓይኑ በ10 እና በ14 ቀናት መካከል ይገለጣል፤ ጆሮው ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። በዚህ ወቅት ያልረገጠውን ውሃ፣ ያልሰማውን ድምፅ፣ ያላየውን ሰው በኋላ መልመድ ይከብደዋል። ስለዚህ ሣር ውስጥ ልቀቁት፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ዳር ውሰዱት፤ መኪና ውስጥ አስገቡት። ላባ በገመድ አስራችሁ ከፊቱ ብታንቀሳቅሱ የፖይንተር (አደን ሲያሸት ቆሞ የሚጠቁም የውሻ ዝርያ) ቡችላ ድርቅ ብሎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ሲቆም ልታዩ ትችላላችሁ። ይህ ከዘሩ የወረሰው እንጂ እናንተ ያስተማራችሁት አይደለም። ይህን የምለው ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ያ አቋቋም ብዙ ሰው ስላሳሳተ ነው። እኔንም አሳስቶኛል።

ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለች ቡችላ ነበረችኝ። ላባ ባየች ቁጥር እንደ ሐውልት ስለምትቆም የደረሰች መሰለኝ፤ በአምስት ወሯ አደን ይዣት ወጣሁ፣ አጠገቧም ተኮስሁ። መኪናው ሥር ገብታ እስኪመሽ አልወጣችም። ከዚያ ቀን በኋላ ጠመንጃ ከማኅደሩ ሲወጣ ካየች ትንቀጠቀጥ ነበር። ያበላሸኋትን አንድ ቀን ለመጠገን ሁለት ዓመት ደከምሁ፤ አልሆነልኝም። ዛሬ የማደርገው ሌላ ነው። ቡችላው በሚወደው ነገር ተጠምዶ ሳለ፣ ሌላ ሰው በጣም ርቆ ቀለል ያለ ድምፅ ያሰማል። ቡችላው ጆሮውን እንኳ ካላቀና፣ በሳምንታት ውስጥ ትንሽ በትንሽ እንቀርባለን። ከደነገጠ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ጥርሱንም አትርሱ። ከአራት እስከ ሰባት ወር ባለው ጊዜ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወድቀው በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ እያመመው ጠንካራ ዕቃ አምጣ ብትሉት የሚማረው ማምጣትን ሳይሆን መጥላትን ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ያለው የጉርምስና ጊዜ አድካሚ ነው፤ ትናንት የሚያውቀውን ትእዛዝ ዛሬ የማያውቅ ይመስላል። ታገሡት። ቁመቱም አያታልላችሁ፤ በትልልቅ ዝርያዎች አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል እስከ 18 ወር ድረስ ላይጠነክር ይችላል። ከብስክሌት ጎን ማስሮጥና ከፍ ካለ ቦታ ማዘለል እስከዚያ ይቆይ።

ከዚያ ደጉ ዘመን ይመጣል። ሰውነቱ በሁለት ዓመት ይሞላል፤ ልቡ ግን ሦስት ዓመት ገደማ ላይ ነው የሚበስል፣ ይህ ደግ ዘመንም እስከ ስድስት ሰባት ዓመቱ ይዘልቃል። የሁለት ዓመት ውሻ ሜዳውን ሁሉ ያካልላል። የአምስት ዓመቱ ግን መጀመሪያ ቆም ብሎ ነፋሱን ያሸታል፤ ቆቋ ልትኖር የምትችልበትን ቁጥቋጦ ለይቶ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ትንሽ ሮጦ ብዙ ያገኛል። በዚህ ዕድሜ የእናንተ ሥራ ዝም ማለት ነው፤ ፉጨት ያበዛ ባለቤት ጥሩ ውሻ ሲያደናግር ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አደጋውም በዚሁ ዘመን ነው፤ ጎበዝ ውሻ ደከመኝ አይልም። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ 38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ በሞቃት ቀን ሲሮጥ በፍጥነት ይግላል፤ ከ41 ካለፈ ሕይወቱ ያሰጋል። ጥላና ውሃ የምትወስኑለት እናንተ ናችሁ። ምግቡንም እንዲሁ። ላብራዶር በሚባሉ 48 የአደን ውሾች ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ነበር፤ ከጓደኞቻቸው ሩብ ያህል ያነሰ ምግብ የበሉት ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ፣ የመገጣጠሚያ በሽታም ዘግይቶ ያዛቸው። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የማይገኝ ውሻ ካላችሁ፣ የምታጎርሱት ፍቅር ሳይሆን ከዕድሜው ላይ የምትቀንሱት ነው።

ዕድሜውን በሰባት አባዝቶ ወደ ሰው መመለስን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ በላብራዶሮች ዘረ መል ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው የውሻ ሰውነት መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጥኖ ያረጃል፣ ኋላ ይዘገያል። በዚያ ስሌት የአንድ ዓመት ውሻ ከሠላሳ ዓመት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ ምንም እንኳ ጫማ ሲያኝክ ላየው ሰው ባይመስልም።

እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። የአፉ ዙሪያ መሸበት ብዙ አይናገርም፤ አንዳንዱ ገና በአምስት ዓመቱ ይሸብታል። ጠዋት ሲነሣ አነክሶ ሲሟሟቅ የሚተወው ግን የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጉም ሁልጊዜ ሞራ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የዓይን ሌንስ በዕድሜ መጠንከር ነውና ሐኪም ይለይላችሁ። አንድ ሰው የአሥር ዓመት ስፓንየል ይዞ መጥቶ «እልኸኛ ሆነብኝ፤ ስጠራው እያወቀ ይሄዳል» አለኝ። ከውሻው ጀርባ ቆሜ አጨበጨብሁ፤ ዘወር አላለም። ደንቁሮ ነበር፤ ሰውየው አንድ የአደን ወቅት ሙሉ ሲቀጣው ከርሟል። ውሻችሁ ገና ወጣት ሳለ እያንዳንዱን ትእዛዝ በእጅ ምልክትም አስተምሩት የምለው ለዚህ ነው።

ያረጀውንም ውሻ በአንድ ቀን ቤት አትዝጉበት። ጉልበት ሲከዳው ብዙ ጊዜ አፍንጫው ይቆያል። የእኔዋ አሁን 13 ዓመቷ ነው። ቦት ጫማዬን ሳነሣ ካየች በሁለት ሙከራ ትቆማለች። ሜዳው ዳር ለግማሽ ሰዓት እንሄዳለን፤ ከነፋሱ ወዲያ አንድ የወፍ ክንፍ ሣር ውስጥ እደብቃለሁ። ቀድሞ በደቂቃ የምታገኘውን አሁን ዞር ዞር ብላ ነው የምታገኘው። አንሥታው ቀና ስትል እጄን ከፍ አድርጌ አሳያታለሁ፤ ድምፄን ከሁለት ዓመት ወዲህ አትሰማም።