ወታደራዊ ሆስፒታል ገብተሽ የልብ ሐኪም ልትሆኚ ነው? መጀመሪያ የፊርማውን ነገር ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከዲዩቲ ስወጣ አነበብኩት። «ጎንደር ላይ ኢንተርኒስት (የውስጥ ደዌ ሐኪም) ነኝ፤ አንድ ወታደራዊ ሆስፒታል የልብ ፌሎውሺፕ (የልብ ሐኪምነት ስልጠና) ቦታ ሰጥቶኛል፤ ሲቪል ነኝ፤ ልግባ ወይስ ሌላ ልጠብቅ?» ነው ያልሽው። ግቢ። አትጠብቂ።

እኔም እንዳንቺ ሲቪል ነበርኩ። ከጎንደር ተነስቼ ወታደራዊ ሆስፒታል ገባሁ፣ የልብ ሐኪም ሆኜ ወጣሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ያስተማሩኝ ሰዎች ባለውለታዎቼ ናቸው። ያንገላታኝ ቢሮም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሰባት ወር በልቶብኛል። አንቺ ሰባት ቀን እንኳ እንዳትከስሪ ብዬ ነው እንቅልፌን ትቼ የምጽፍልሽ።

ስለ ፈተናው፣ ስለ ቃለ መጠይቁ፣ ስለ ድጋፍ ደብዳቤው አላወራም፤ እዚህ የደረስሽ ሰው ያን ታውቂዋለሽ።

1. ሎግ ቡክሽን፣ የሠራሽው ሁሉ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ በዕለቱ አስፈርሚ። በሳምንቱ አይደለም፣ በወሩ አይደለም፣ በዕለቱ።

እኛ ጋ የሚሠራበት ቁጥር ከአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ የተወሰደ ነበር። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ በራስሽ እጅ የሠራሽው 150፣ ያነበብሽው 300 መሙላት አለበት። ለካት (በደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ልብን መመርመር) ደግሞ ለመነሻው ደረጃ ብቻ 100። ቁጥሩ አያስፈራም፤ ሥራ አለ፣ ትሞይዋለሽ። የሚያስፈራው የሠራሽውን ማን አየልሽ የሚለው ነው።

አለቃችን ኮሎኔል ነበሩ። እጃቸው ወርቅ ነው። መጀመሪያ ቀን ካት ላብ ስገባ ጣቴን ይዘው የታካሚው እጅ አንጓ ላይ አሳረፉት። «አትጫኚው። የደም ሥሩ ራሱ እስኪነግርሽ ጠብቂ» አሉኝ። ዛሬም መርፌ ከማስገባቴ በፊት ያቺን ትንሽ ጊዜ እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ አስተማሪ ሲቪል ሆስፒታል ውስጥም በቀላሉ አይገኝም።

ግን ሎግ ቡኩን ይዤ ስቀርባቸው «ልጄ፣ ወሩ ሲያልቅ በአንዴ እፈርምልሻለሁ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያደግኩት ታላቅ ሰው አንዴ ከተናገረ ሁለተኛ የማይጠየቅበት ቤት ነው። አንቺም የጎንደር ልጅ ነሽና ይገባሻል። ዝም አልኩ። ወሩ አለቀ፣ ሥራ በዛ፣ ሌላ ወር መጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ወንበራቸው ባዶ ነው። ለግዳጅ ሄደዋል። የት? አይነገርም። እስከ መቼ? አይታወቅም። ስልካቸው ዝግ።

ወታደራዊ ሆስፒታልን ከሌላው የሚለየው ይሄ ነው። ሲቪል ቤት ውስጥ ፕሮፌሰርሽ ስብሰባ ቢሄድ ሰኞ ይመለሳል። እዚያ አስተማሪሽ ሐኪም ከመሆኑ በፊት መኮንን ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ አንቺን ለመሰናበት ጊዜ የለውም፤ ልትቀየሚውም አይገባም።

ማጠናቀቂያዬ ደርሶ ሎግ ቡኩን ስልጠና ጉዳይ ቢሮ ሳስገባ 94 ካት ያለ ፊርማ ተገኘ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ገጾቹን በአውራ ጣቷ ገለጠች፣ ዘጋች፣ መለሰችልኝ። «ያልተፈረመ ያልተሠራ ነው» አለች። የታካሚዎቹ ካርድ መዝገብ ቤት አለ አልኩ። ሪፖርቱ ላይ ስሜ አለ አልኩ። ነርሶቹ አብረውኝ ቆመዋል አልኩ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ነገ ነይ።»

በማግስቱ ሄድኩ። በር ላይ ስልኬን አስረክቤ ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ተቀበልኩ፣ መስኮቱ ጋ ቆምኩ፣ ነገ ተባልኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተመላለስኩ። ጥበቃዎቹ ስለለመዱኝ ሳልጠየቅ ያችኑ 17 ቁጥር ቆርቆሮ ይሰጡኝ ጀመር። ወንበር ላይ ተቀመጪ ያለኝ ሰው የለም። በመጨረሻ የተሰጠኝ ውሳኔ ሁለት መስመር ነው፤ «በድጋሚ ይሥሩ።» ካት ላቡ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚሠራው፣ ከኔ በታች ያሉ ፌሎዎችም ተራ አላቸው። 94ቱን መልሼ ለመሥራት ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ልጄ አዘዞ እናቴ ጋ ነበር። አንቺም ልጅሽን ለእናትሽ ትተሽ እንደምትሄጂ አስባለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለንም። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ አንዴ ስመጣ እናቴን «እማ» ሲል ሰማሁት። እኔን በስሜ ጠራኝ። ያቺ ሠራተኛ ይሄን አታውቅም፣ ላውቅ ብላም አልጠየቀችም። ደንብ ማስከበር ሥራዋ ነው፤ አልወቅሳትም። ሰውን ቀና ብሎ ማየት ግን ደንብ አይከለክለውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጠንካራ ሽፋን ያለው የራስሽ ደብተር ግዢ። ቀኑን፣ የታካሚውን ካርድ ቁጥር (ስም አትጻፊ)፣ የሠራሽውን፣ የተገኘውን፣ ማን አብሮሽ እንደቆመ መዝግቢ። ጓንቱን ሳያወልቅ በፊት ለኮንሰልታንቱ (ለሚያሠራሽ ነባር ሐኪም) ንገሪው፣ ሲያወልቅ እስክሪብቶ አቀብይው። እሱ ካልተመቸው ሌላ ኮንሰልታንት ይፈርም። በየወሩ ገጾቹን ፎቶ አንስተሽ አንድ ኮፒ ጎንደር ላለው ዲፓርትመንትሽ ላኪ። መጨቅጨቅ ይመስልሻል፤ አይደለም። መኮንኖቹ ራሳቸው በወረቀት የሚኖሩ ናቸው፤ ቀጥ ብለሽ «ጌታዬ፣ ፊርማዎን ፈልጌ ነው» ስትያቸው ደስ ነው የሚላቸው። እኔ ይሄን የተማርኩት በሁለተኛው ዙር ነው። ያኔ አንዲት ገጽ ሳይፈረም አላደረም።

2. የምታይው ልብ ወጣት ልብ ነው። ይሄ ዕድልም ወጥመድም አለው።

ጎንደር ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ሆነን ያየነው የታመመ ልብ ነው፤ በሩማቲክ ትኩሳት የተበላሸ ቫልቭ (የልብ በር)፣ ከወሊድ በኋላ የደከመ ልብ፣ ቲቢ የገባበት የልብ ሽፋን። እዚያ ስትሄጂ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የ20 ዓመት ልጅ ይመጣልሻል። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ንባቡ) ያስደነግጣል፣ ልጁ ግን ምንም አላመመውም። ሰልፍ ላይ ወድቋል ተብሎ የተላከም አለ።

የመጀመሪያው ወር አንዱን ወታደር ኢኮ ሳደርግ የግራ ልቡ ግድግዳ 14 ሚሊ ሜትር ሆነብኝ። 15 ቢሆን በዘር የመጣ የልብ ጡንቻ መወፈር በሽታ ነው ብሎ ማሰብ ይጀመራል። 13 እና 14 ግን መሀል ሜዳ ነው፤ ከስልጠና ብዛት የሰፋ ጤነኛ ልብም ሊሆን ይችላል። ፕሮቡን (የኢኮውን መዳሰሻ) ደጋግሜ አዟዟርኩት፣ ጄሉ ደረቱ ላይ ደረቀ። ልጁ ፈራ። ኮሎኔሉ መጥተው ቤተሰብ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩን ጠየቁት፤ እኔ ይሄን አልጠየቅኩም ነበር። ከዚያ ሦስት ወር ከስልጠና እረፍት ጻፉለት። ተመልሶ ሲመጣ 11 ሆኗል። ያ ልጅ እንጀራውም ጤናውም ተረፈ። ቸኩዬ ብጽፍ ኖሮ በኔ ፊርማ ከሠራዊት ይወጣ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ወጣት ነው ብለሽ የደረት ሕመምን አትናቂ። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮች ልብ ተመርምሮ በ1953 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ከ77 በመቶ በላይ የሚሆኑት የልብ ደም ሥራቸው ላይ የበሽታ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ይሄን ለሬዚደንቶቼ ዛሬም እነግራለሁ።

የወታደሩን ብቃት የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ላይ ስትቀመጪ ደግሞ ጫና ይመጣል። «ዶክተር፣ ልጁ ያስፈልገናል፣ ብቁ ነው በይልን» የሚል አለቃ አይጠፋም። የልብ ጡንቻ ብግነት የያዘውን ልጅ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከባድ እንቅስቃሴ እንዳያደርግ ጽፌ አንድ ሻምበል ተቆጥቶኛል። አልቀየርኩትም። ምክንያቱን ግን ቁጭ ብዬ አስረዳሁት፤ ልቡ ሳይድን ቢሮጥ በድንገት ሊሞት ይችላል አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሱ ክፍል ልጆች ሲታመሙ በስሜ ነበር የሚልካቸው። ወታደር ቀጥተኛ ሰው ያከብራል።

3. የውጭ ሮቴሽን፣ ሌላ ሆስፒታል ሄደሽ የምትሠሪበትን ጊዜ፣ ሳትጠይቂ እንዳትጨርሺ። የሕፃናት ልብ፣ የቫልቭ ቀዶ ጥገና፣ ነፍሰ ጡር እናቶች፤ እነዚህን ወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ በበቂ ላታገኚ ትችያለሽ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ጥያቄውን በመጀመሪያው ዓመት በጽሑፍ አስገቢ፤ በቃል ያልሽው ነገር አይቆጠርልሽም።

ይሄን የምልሽ ከተመለስሽ በኋላ የምትቀበይው ሌላ ሕዝብ ስለሆነ ነው። ጎንደር በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ከደንቢያ የመጣች የ23 ዓመት ልጅ አየሁ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ተቀምጣ ነው የምታድረው፣ በቁመቷ የምታክል ነጠላ ተከናንባለች። ስቴቶስኮፑን ደረቷ ላይ ሳሳርፍ ያ የታወቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማኝ። ሚትራል ቫልቯ (የግራ ልቧ በር) ጠብቧል፣ የልብ ምቷ ተዘበራርቋል። ወታደሮች መሀል ባጅቼ ጆሮዬ እንዳልረሳው ሳውቅ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሮቴሽን ላይ የተማርኩትን ሁሉ ያን ቀን ተጠቀምኩበት። ምቷን አዘገየን፣ ውሃውን ቀነስን፣ ደም ማቅጠኛዋን እንደ እርግዝናዋ አስተካከልን። ልጇን በሰላም ወለደች፣ የጠበበውን ቫልቭ በባሉን ለሚያሰፋው ሕክምና ሪፈር አልናት። አሁን ሩማቲኩ እንዳያገረሽባት በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊኗን ለመወጋት ስትመጣ ልጇን አዝላ ነው።

4. ውሉን አንብቢ። የአገልግሎት ዘመንሽ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? የኔ «ከማጠናቀቂያ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ» ይል ነበር። ያ ሰባት ወር ታዲያ ከስልጠናውም ከአገልግሎቱም ሳይቆጠር ቀረ፤ ደመወዜም እስከዚያ በድሮው ነበር። አንቺ «ስልጠናው በተቋሙ ምክንያት ቢዘገይ» የሚል አንቀጽ እንዲገባልሽ ጠይቂ። ሲቪል ስለሆንሽ ወታደራዊ ማዕረግ መቀበል ግዴታ መሆን አለመሆኑንም አሁኑኑ በጽሑፍ አረጋግጪ። እኔን ሁለተኛው ዓመት ላይ ጠይቀውኝ ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነበር።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ኮፒውን በውስጥ ላኪልኝ፣ አንድ በአንድ አነብልሻለሁ። ሐሙስ ዲዩቲ ነኝ፤ ከሐሙስ በፊት ይሁን።