መልስ፦ ሞረድ የበላው ኩክሪ ተበላሽቷል ወይ?

ወንድሜ፣ ከካትማንዱ የመጣልህን ኩክሪ፣ ያንን ቆልማማ የኔፓል ቢላዋ፣ «ሞረድ በቀላሉ በላው፣ ተሸውጃለሁ ወይ?» ብለሃል። የቱ ጋ ነው የሞከርከው? ጀርባው ላይ ከሆነ አትደንግጥ። የኔፓል ቀጥቃጮች አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ ይሠሩትና የጋለው ስለት ላይ ብቻ ከማንቆርቆሪያ ውኃ ያፈሱበታል። ሆዱ፣ ማለትም እንጨት የሚመታው ቦታ፣ ይጠነክራል፤ ጀርባው ሆን ተብሎ ለስላሳ ይቀራል፣ ያለዚያ ይሰበር ነበር። ሞረዱ ሆዱ ላይ ከተንሸራተተ ደህና ነው።

ከዚያ ደረቅ እንጨት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ምታበትና ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረህ እይ። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካየህ ታጥፏል፤ አፎቱ ውስጥ ካሉት ሁለት ትንንሽ ቢላዎች ደነዙን፣ ቻክማክ የሚሉትን፣ ጫን አድርገህ ብታሽበት ይቃናል። ከተሸረፈ ግን ከመጠን በላይ ጠንክሯል ማለት ነው። ትንሽ ሽራፊ በመሳል ይጠፋል፣ ትልቅ ከሆነ መልሰው።

እጀታውንም ነቅንቀው። ብዙዎቹ የሚጣበቁት ሙቀት በሚያቀልጠው ሙጫ ነው። እኔ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ትቼው እጀታው እንደ ወላለቀ ጥርስ ሆኖ ጠበቀኝ! ሙቅ ውኃም አታስነካው።

ስትጨርስ አድርቀህ ስስ የማሽን ዘይት ቀባው፤ ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጥ ከአፎቱ አውጣው፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ስትመዘው ደግሞ አፎቱን በጀርባው በኩል ያዝ፤ ጣቶችህ ስለቱ ጎን ከዞሩ አፎቱን ቀዶ ያገኛቸዋል።