ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የመጀመሪያ ልጃችን ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወለደ፤ ቀጣዩስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ባለትዳር ነኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ወገቡ አካባቢ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወልዶ በሳምንቱ አረፈ። ሐኪሞቹ የነርቭ ቧንቧው ሳይዘጋ ቀርቶ ነው ብለውናል። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው፤ በሁለታችንም ወገን እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ አያውቅም። አማቴ ግን ከማርገዜ በፊት ለሁለት ዓመት የተወጋሁት የሦስት ወር መርፌ ማህፀኔን እንዳበላሸው ይናገራሉ። ለጊዜው ጥቂት ወራት ልንጠብቅ አስበናል፤ መርፌውን ስለፈራሁ ግን ምንም ዓይነት መከላከያ አልወስድም። ከበፊቱ እርግዝና የተረፈኝ የደም ማነስ ክኒን ፎሊክ አሲድ እንዳለበት ሰምቼ በቀን ሦስት ሦስት እየዋጥኩ ነው። ችግሩ የመጣው ከዘር ነው ወይስ ከአካባቢ? የዘር ምርመራስ ማድረግ አለብን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ዘር ምርመራ ቢጠይቁኝም ከደብዳቤዎ ያነበብኩት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ልጄ ለሞት የበቃው በእኔ ምክንያት ነው ወይ የሚል። አይደለም። በሠሩት ጥፋት፣ በበሉት ምግብ ወይም በእርስዎ ወገን ባለ «መጥፎ ደም» የመጣ ነገር የለም፤ ይህንንም አማትዎ ባሉበት ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የነርቭ ቧንቧ (በፅንሱ ላይ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል) ክፍተት፣ በተለምዶ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለውም የጀርባ ክፍተት፣ በአብዛኛው ከዘርም ከአካባቢም የሚመጣ ነው። እያንዳንዳቸው ትንሽ ድርሻ ያላቸው ብዙ ዘረ መሎች አንድ ላይ ሲገጣጠሙ፣ በዚያ ላይ በእናትየው ሰውነት ውስጥ ያለው የፎሌት (በምግብ ውስጥ የሚገኝ ቫይታሚን፤ በክኒን ሲዘጋጅ ፎሊክ አሲድ የሚባለው) መጠን አነስተኛ ሲሆን ቧንቧው ሳይዘጋ ይቀራል። ሰባት ቤት መቁጠር የሚጠቅመው አባትና እናት አንድን የተደበቀ የበሽታ ዘር ሁለቱም ይዘው ሲገናኙ ለሚከሰቱ በሽታዎች ነው፤ ለዚህኛው ችግር ግን ዋስትና አይሆንም። ከ100 እንዲህ ያሉ ሕፃናት 95 ያህሉ የሚወለዱት በዘራቸው ከዚህ በፊት አንድም ታሪክ ከሌለባቸው ወላጆች ስለሆነ የእናንተ ሁኔታ እንግዳ አይደለም። አንድ ልጅ በዚህ ችግር ከተወለደ በኋላ ቀጣዩም የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ2 እስከ 5 ገደማ ነው። ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ ነገር ግን ከ100 ቢያንስ 95 ጊዜ ቀጣዩ ልጅ ከዚህ ችግር ነፃ ሆኖ ይወለዳል ማለት ነው፤ ይህንንም ዕድል ከዚህ በታች በምነግርዎ መንገድ ማሻሻል ይቻላል። የዘር ምርመራውን በተመለከተ፣ ልጃችሁ በልቡ፣ በእጆቹ ወይም በፊቱ ላይ ሌላ ጉድለት ከነበረው ሊያስፈልግ ይችላል፤ ችግሩ የጀርባው ክፍተት ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ገንዘብ አውጥታችሁ መልስ ሳታገኙ የምትመለሱበት ዕድል ሰፊ ነው።

በአገራችን ችግሩ ከሌሎች አገሮች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከታተሙ ጥናቶች ውስጥ በአዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና በትግራይ የተካሄዱት ከ10,000 ወሊድ ከ100 በላይ መዝግበዋል። ጎመንና ምስር ፎሌት አላቸው፤ ሆኖም ጎመኑ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ፎሌቱም አብሮ ይደፋል። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር በሕግ አስገድዳ የእነዚህን ሕፃናት ቁጥር ቀንሳለች፤ እኛም በስንዴ ዱቄት ጀምረናል፤ ዋና ምግቡ የጤፍ እንጀራ ለሆነ ቤተሰብ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

አሁን እጅግ አስፈላጊ ወደሆነው ነገር ልግባ። ፅንስ ሲጀመር የነርቭ ሥርዓቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከዚያ ሁለቱ ጠርዞቹ ተነስተው እንደሚጠቀለል ሰሌን ይገናኙና ቧንቧ ይሆናሉ። መጋጠሙ ከአንገት አካባቢ ይጀምርና ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ በጭንቅላት በኩል ያለው ጫፍ በ25ኛው ቀን አካባቢ፣ የታችኛው ጫፍ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። የሚቆጠረው ከፅንሰቱ ጀምሮ ነው። በ28ኛው ቀን አንዲት ሴት የወር አበባዋ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ቢዘገይ ነው፤ አብዛኛዋ «ሳይመጣ አይቀርም፣ በጾም ደክሜ ነው» እያለች የምትጠብቅበት ጊዜ ነው። በአራተኛ ወሯ ክትትል ጀምራ ክኒን ሲሰጣት፣ ክኒኑ ለደም ማነስ ይጠቅማታል፤ የልጁ ጀርባ ግን ከተዘጋ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት የሚጀመር መድኃኒት ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ በተለይ።

አማትዎ ወደሚሉት መርፌ ስመለስ ትዕግሥቴ እንደሚያጥር አልደብቅም፤ ይህን ወሬ ያልሰማሁበት ቀን የለምና። የሦስት ወር መርፌ የእንቁላልን መውጣት የሚያግድ ሆርሞን ነው፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ የሚጠራቀም ወይም የሚያቆሽሽ ነገር የለውም፤ ስለዚህ «የሚጸዳ» ማህፀንም የለም። ሳያውቁት አርግዘው መርፌውን የወሰዱ ሴቶች ልጆች እንኳ ተጠንተው የአካል ጉድለት እንዳላስከተለ ታውቋል። መርፌው የሚያደርገው አንድ ነገር የማርገዝ ችሎታ መመለስን ማዘግየት ነው፤ ካቆሙት በኋላ ማርገዝ በአማካይ እስከ 10 ወር ሊወስድ ይችላል፤ «መካን አደረገኝ» የሚባለውም ከዚህ መዘግየት የተነሳ ነው። ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? በአገራችን ዘመናዊ መከላከያ ከሚጠቀሙ ሴቶች መካከል አብዛኞቹ የሚመርጡት መርፌውን ስለሆነ፣ ችግር ያለበት ልጅ በተወለደ ቁጥር ወደኋላ የሚፈልግ ሰው መርፌ ማግኘቱ አይቀርም። ተመሳሳይ መርፌ ተወግተው ጤነኛ ልጅ የወለዱትን ጎረቤቶች ማንም አይቆጥራቸውም፤ መርፌ ሳይወጉ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱትንም እንዲሁ። አማትዎ ክፉ ናቸው አልልም፤ የልጅ ልጃቸውን ቀብረው ምክንያት የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ሆኖም ይህ ወሬ አሁን እርስዎን በአደገኛ ሁኔታ ላይ አስቀምጧል። መርፌውን ፈርተው መከላከያ ትተዋል፣ «ልንጠብቅ» ብለው እየጠበቁ አይደለም፣ ተገቢውንም ፎሊክ አሲድ አልጀመሩም። በዚህ ሳምንት ቢያረግዙ ቧንቧው የሚዘጋው እንደገና ያለ በቂ ጥበቃ ነው።

ክኒኑን በተመለከተ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ትንሽም ተቆጥቻለሁ። በክትትል ጊዜ የሚሰጠው ክኒን 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ ሦስት ሲውጡ 1.2 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ብቻ አገኙ፣ ብረቱ ግን 180 ሚሊ ግራም ደረሰ። ለእርስዎ የሚያስፈልገው በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን በዚያ ክኒን ልሙላ ቢሉ በቀን አሥር ክኒን፣ ማለትም 600 ሚሊ ግራም ብረት ይሆናል፤ ይህ ለአዋቂም ጎጂ ነው፣ ለሕፃን ቢደርስ ደግሞ ይገድላል። ዛሬውኑ ያቁሙት። የተረፈውንም ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ጣፋጭ መስሎት የሚውጥ የዘመድ ልጅ ቤትዎ መምጣቱ አይቀርም። በፋርማሲ ፎሊክ አሲድ ብቻውን የ5 ሚሊ ግራም ክኒን ሆኖ ይገኛል፤ ሐኪም ካዘዘልዎ ሊወስዱት የሚገባው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የእንግሊዝ ጥናት እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ከእርግዝና በፊት 4 ሚሊ ግራም ሲወስዱ የችግሩ መደገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

አልፎ አልፎ ምክንያት የሚሆኑ ሌሎች ነገሮችን ባጭሩ ልንካ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ከእርግዝና በፊት ለሐኪም መንገር የግድ ነው፤ ነገር ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡት፤ በድንገት ማቋረጥ ከመድኃኒቱም ይብሳል። የስኳር በሽታም ቁጥጥር ካልተደረገበት ለዚሁ ችግር ይዳርጋል፤ ስለዚህ ደምዎን ይመርመሩ። በወይባ ጢስም ሆነ በሌላ መንገድ ሰውነትን እጅግ ማሞቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቅር።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህ ነው። በቅድሚያ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። እርጉዝ ካልሆኑ ፎሊክ አሲዱን በሐኪም ትዕዛዝ ይጀምሩ፤ ሦስት ወር እስኪሞላዎት ድረስ በኮንዶም ወይም በየቀኑ በሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ይጠብቁ፤ በቅርቡ መውለድ ስለሚፈልጉ መርፌው አሁን አይመከርም፤ ምክንያቱም ማርገዝን የሚያዘገይ መሆኑ እንጂ ማህፀን የሚያበላሽ መሆኑ አይደለም። ካረገዙ በኋላም ፎሊክ አሲዱን እስከ 12ኛው ሳምንት ይቀጥሉ፤ ከዚያ ወደ መደበኛው የክትትል ክኒን ይዛወራሉ። ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የልጁን ጀርባና ራስ በጥንቃቄ የሚያይ አልትራሳውንድ ይነሱ፤ ሲነሱም የመጀመሪያውን ልጅ ታሪክ ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። ምርመራው ዛሬ እርጉዝ መሆንዎን ካሳየ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ባለቤትዎም አብረውዎት ይሂዱ፤ ልጃችሁ የተወለደበትን ሆስፒታል የሕክምና ማስረጃም መያዝዎን አይርሱ።