በረራው 2 ሰዓት፣ ጥበቃው 5 ሰዓት

እህቴ፣ ከሸዋ ሮቢት «ለኢንተርቪው ናይሮቢ ልሄድ ነው፣ በረራው ቢዘገይ ካሳ አለ ወይ? የስንት ሰዓቱን ልያዝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። በዚህ መስመር አራት አምስቴ ተመላልሻለሁ፣ አንዴ ደግሞ በደንብ ተቀጥቻለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እይ። ትኬቱ ላይ 10:30 ካለ በእኛ ጠዋት 4:30 ነው። ትስቂ ይሆናል፣ ግን ከሰዓት መስሎት በረራ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

የጠዋቱን ያዢ። አንዱ አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ስለሚውል ጠዋት የተጀመረች የግማሽ ሰዓት መዘግየት ማታ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ሆና ትጠብቅሻለች። ግን በዋዜማው አዲስ አበባ ግቢና እደሪ፤ ጣርማበርን በጉም ወጥተሽ፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፈሽ ቦሌ በሰዓቱ እደርሳለሁ ማለት ቁማር ነው። ናይሮቢም ከቀጠሮሽ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመሽ ድረሺ። ያለፈ ኢንተርቪው በየትኛውም ካሳ አይመለስም።

ወደ ካሳው ስንመጣ፣ እዚህ «3 ሰዓት ከዘገየ 600 ዩሮ ይከፍሉሻል» ያሉሽ አሉ። እሱ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው፤ ከዚያ ለሚነሳ በረራ፣ ወይ በእነሱ አየር መንገድ ወደዚያ ለሚገባ። የአንቺን አይነካም። የአንቺ በ1999 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ውል፣ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም አባል ናቸው። እሱ ደግሞ ስለዘገየሽ ብቻ ገንዘብ አይሰጥሽም፤ በመዘግየቱ ምክንያት ከኪስሽ የወጣውን በማስረጃ ስታሳዪ ነው። ጣሪያው ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 6,303 ኤስዲአር ነው (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የአይኤምኤፍ የገንዘብ መለኪያ ነው፣ ከ8 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል)። አየር መንገዱ ማድረግ ያለብኝን ሁሉ አድርጌያለሁ ብሎ ካስረዳ ግን አይከፍልም።

እኔን ያቃጠለኝ ምን መሰለሽ፣ ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የሚወስደኝን ትኬት ረከሰልኝ ብዬ ለብቻው ከሌላ ድርጅት ገዝቼ ነበር። የማታው በረራ 5 ሰዓት ዘገየ። የሞምባሳው «አልመጣህም» አለኝ፣ የመጀመሪያው «እኛ እስከ ናይሮቢ ነው የሸጥንልህ» አለኝ። ትኬቱ ተበላ። ሁለቱም በአንድ ትኬት ቢሆኑ ኖሮ በቀጣዩ በረራ መላክ የእነሱ ጣጣ ነበር። ያዳነኝ ነገር ቢኖር አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ወረቀት ጠይቅ ልጄ» ማለታቸው ነው። ሄጄ በረራው ስንት ሰዓት እንደዘገየና ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ተቀበልኩ። የሆቴሉን ደረሰኝ ከእሱ ጋር አያይዤ አመለከትኩ፣ ከሁለት ወር በኋላ ከፈሉኝ። የታክሲው ደረሰኝ ስላልነበረው ቀረ። ምግብም ቢሆን የአየር መንገዱ ጠረጴዛ ጋ ሄዶ ለጠየቀ ኩፖን ይሰጡ ነበር፤ እኛ ወንበር ላይ ተኮራምተን የማንም ጥሪ ስንጠብቅ ጾማችንን አደርን።

ሻንጣሽ ከተጎዳ ከተረከብሽበት በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከደረሰ በእጅሽ በገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቺ። ክስ ከሆነ 2 ዓመት አለሽ። የኢንተርቪው ወረቀቶችሽን ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ፣ በእጅ ቦርሳ ያዢያቸው።

ጋቢም አትርሺ። ለሸዋ ሮቢት ሰው ናይሮቢም ማታ ይበርዳል።