ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ተቀምጦ ኦንላይን መሥራት፦ ከኪራዩ በፊት ኢንተርኔቱን አጣሪ

እህቴ፣ «ለውጭ ድርጅት በኦንላይን ነው የምሠራው፤ ካምፓላ ጫጫታ ነው ስለሚሉኝ ኤርፖርቱ አጠገብ ኢንቴቤ ቤት ልከራይ አስቤያለሁ፤ ያዋጣል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ያዋጣል። እኔም የምኖረው እዚያው ነው፤ እንጀራዬም ከዚሁ ሥራ ነው። ስለ ቪዛውና ስለ ቢጫ ወባ ካርዱ ሌሎቹ ነግረውሻል፤ አልደግመውም። ብቻ ፓስፖርትሽ ላይ ማኅተም ሲመቱልሽ የተፈቀደልሽን የቀን ብዛት እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመሽ አንብቢ። አንዴ ዞር ካልሽ በኋላ ማስተካከል ጣጣ አለው።

1. ሰፈር። የተባበሩት መንግሥታት ትልቅ የአገልግሎት ማዕከል ኢንቴቤ ውስጥ አለ። በዚህ የተነሳ የቪክቶሪያ ሐይቅ ቁልጭ ብሎ የሚታይባቸው ሰፈሮች ኪራያቸው በዶላር ነው የሚጠራው። የውጭ ሰው መሆንሽን ሲያይ ደላላው ቀጥታ ወደዚያ ነው የሚወስድሽ። ኪቶሮ ወይም ትንሽ ወጣ ብለሽ አባይታ አባቢሪ አካባቢ በሽልንግ ደህና ቤት ታገኛለሽ። ድርድሩን አንቺ በሽልንግ ጀምሪው።

2. መብራት። ካርድ እየሞሉ ነው፤ «ያካ» ይሉታል። ቆጣሪው የብቻሽ መሆኑን በዓይንሽ ሳታዪ ቀብድ አትስጪ። በወር የመጀመሪያዎቹ 15 ዩኒቶች ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ግን ቅናሹን ጎረቤት በምድጃው ይጨርሰውና አንቺ ላፕቶፕሽን በውዱ ትሞያለሽ።

3. ኢንተርኔት። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ ሰው የሚያለቅሰው በኪራዩ ሳይሆን በዚህ ነው።

እኔ ቤቱን እንደያዝኩ በአንቴና ኢንተርኔት ከሚያስገቡት ድርጅቶች አንዱ ጋ ሄድኩ። ሻጩ ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ከፍቶ «ሰፈርህ ሙሉ ሽፋን አለው» አለኝ። የሦስት ወር ቅድሚያ ከነማስገቢያው ተቀበለኝ። ቤቴን ግን ማንም መጥቶ አላየም። ባለሙያዎቹ ጣራው ላይ ሳህኗን ሲተክሉ ከፊት ለፊቷ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበር። ፀሐይ እያለ ይሠራል። ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉ ውኃ ይይዝና መስመሩ ድርግም ይላል። ኢንቴቤ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንደገና ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናብ ነው። ሐይቁ ላይ ሌሊት የሚጠራቀመው ደመና ማለዳ ላይ ከነመብረቁ ይወርዳል፤ ልክ የእኔ ስብሰባ በሚጀመርበት ሰዓት።

ስልክ ብደውል «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው»። ካምፓላ ዋናው ቢሮ ሄድኩ፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በፈጣኑ መንገድ የሄድሽ እንደሆነ ለመኪና 5,000 ሽልንግ ይከፈልበታል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ አንገቷን እንኳ ሳታቀና «የሸጠልህን ሰው ይዘህ ና» አለችኝ። ሰውየው ሥራ ለቋል። ዝናቡን ሳነሳባት «ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው፣ እኛ ምን እናድርግ?» ብላ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

እኔ ግን አለቀቅኳቸውም። ማለዳ ማለዳ ፍጥነቱን እየለካሁ ቀንና ሰዓቱ የሚታይበትን የስክሪኑን ፎቶ አስቀመጥኩ። ከሳህኗ ጎን ቆሜ ዛፉን ፎቶ አነሳሁ። ሁሉንም አትሜ ከደብዳቤ ጋር አስገባሁ፤ ግልባጩንም ለአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አደረግኩት፤ የደንበኛ ቅሬታ ይቀበላሉ። ግልባጭ የሚለውን መስመር ሲያዩ አነጋገራቸው ተለወጠ። ከማስገቢያው በቀር ገንዘቤ ተመልሶልኛል። የሰፈሬ ልጆች ዛሬም ደብዳቤውን እየወሰዱ ይገለብጡታል፤ ከፈለግሽ እልክልሻለሁ።

ስለዚህ ፋይበር (በገመድ የሚገባ ኢንተርኔት) ያለበት ግቢ ካገኘሽ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም ያዢው። ካጣሽ ኤምቲኤንና ኤርቴል ሁለቱንም ሲም አውጪ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሳሻል። ዳታ ላይ 12 በመቶ ግብር አለ፤ በጀትሽ ውስጥ አስገቢው።

ሥራሽ ፌስቡክ የሚነካ ከሆነ ይህን ለአሠሪዎችሽ ከወዲሁ ንገሪ፦ ከጃንዋሪ 2021 ምርጫ ጀምሮ ያለ ቪፒኤን አይከፈትም። አንዳንድ ድርጅት ደግሞ በቪፒኤን የገባ ሠራተኛን ሲስተሙ ይዘጋበታል። በዚያው ምርጫ ሰሞን ኢንተርኔት ለቀናት ጭራሽ ተቋርጦ ነበር። ምርጫ በየ5 ዓመቱ ነው፤ የዚያን ሰሞን ቲኬት ቀድመሽ ቁረጪ። የኤርፖርት ከተማ ጥቅሙ ያኔ ነው የሚገባሽ፦ ከቤትሽ በቦዳ ቦዳ (በሞተር ሳይክል ታክሲ) ተነስተሽ፣ አዲስ አበባ የሁለት ሰዓት በረራ ነው፤ የሰዓት ልዩነትም ስለሌለ ሥራሽ አይዛነፍም።

4. መብረቅ ሲጀምር ራውተሩንም ቻርጀሩንም ከሶኬት ንቀይ። ማታ ደግሞ መስኮት ከፍተሽ አትሥሪ፤ ከሐይቁ የሚነሳው ትንኝ ብርሃን ይወዳል፣ ስክሪንሽን ይሸፍነዋል፣ ጠዋት ኪቦርዱን በብሩሽ ትጠርጊያለሽ። አይነክስም። የወባዋ ትንኝ ግን ሌላ ናት፤ አጎበር ግዢ።

ቤት ለማየት ስትሄጂ በተቻለ መጠን ዝናብ ሲዘንብ ሂጂ። ልትሠሪበት ባሰብሽው ክፍል ተቀምጠሽ ለአንድ ሰው በቪዲዮ ደውዪና ግማሽ ሰዓት አውሪ። ደላላው ይቸኩላል፤ ይጠብቅሽ። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ሰፈሩን ጻፊልኝ፤ ቅርቤ ከሆነ ሄጄ አይልሻለሁ።